ታማኙ ፈረሰኛና የጌታው በደል

የታማኝ ጭፍራ ታሪክ በየአገሩ አለ፤ በየአገሩም የሚነገረው በአንድ መንገድ ነው። ጌታው ይጨነቃል፤ ጠላት ይከባል፤ ሌላው ሁሉ ይከዳል፤ አንዱ ታማኝ ግን ፈረሱን አዙሮ በጌታው ፊት ይቆማል። ሰሚውም በዚህ ደስ ይለዋል፤ ሊደሰትም ይገባዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከደስታው በኋላ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ ይኸውም ጠላት በመጣ ጊዜ ሳይሆን ጌታው ራሱ በበደለ ጊዜ ታማኙ ምን አደረገ የሚል ነው። ጠላትን መግጠም የክንድ ነገር ነው። የጌታን በደል በዐይን እያዩ ከእርሱ ጋር መቈየት፥ ወይም ስለ በደሉ ከእርሱ መለየት፥ የኅሊና ነገር ነው።

ዛሬ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው ደጋ፥ በቦረናም በሳይንትም፥ የሚያድግ ወጣት የፈረሰኛ ታሪክ የሚያገኘው ከአረጋውያን አፍ ብቻ አይደለም። በእጁ በያዘው ስልክ ከጃፓን አገር የሚመጣውን የሥዕል ፊልም ሊያይ ይችላል። ይህ ፊልም በሥጋ የሚታይ ተዋናይ የሌለበት፥ ሥዕል ሥዕልን እየተከተለ የሚንቀሳቀስበት፥ በራሳቸው በጃፓኖች አጠራር አኒሜ የሚባል ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ብዙ ጊዜ የልጆች ጨዋታ ነው ብለው ያልፉታል። ብዙውም በእውነት ጨዋታ ነው። ከነዚህ መካከል ግን አርስላን ሰንኪ የተባለው፥ ወደ አማርኛ ሲመለስ የአርስላን የጀግንነት ታሪክ ማለት የሆነው፥ የአንድ ታማኝ ፈረሰኛን ነገር አጥብቆ ስለሚናገር በመልካምነቱም በጕድለቱም ሊመረመር የሚገባው ነው።

ታሪኩ አስቀድሞ መጽሐፍ ነበረ። ዮሺኪ ታናካ የተባለው ጃፓናዊ ደራሲ በፈረንጆች ቍጥር በ1986 ጀምሮ በ2017 በ16 ቅጽ ፈጸመው። በዚህ መካከል ሂሮሙ አራካዋ የተባለችው ሠዓሊ ከ2013 ጀምሮ የሥዕል መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው፤ ከዚህም መጽሐፍ በ2015፥ ይኸውም በእኛ በ2007 ዓ.ም.፥ 25 ክፍል ያለው ፊልም መታየት ጀመረ፤ በሚከተለው ዓመትም 8 ክፍል ተጨመረበት። አገሩ ፓርስ ይባላል፤ የጥንቱን ፋርስ መስሎ በደራሲው ልብ የተፈጠረ ነው። ዋና ከተማው ኤክባታና ነው፤ ይህም መጽሐፈ ጦቢትንና መጽሐፈ ዮዲትን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው የሜዶን ከተማ ስም ነው። ጠንቋይም፥ ከትከሻው እባብ የበቀለ የጥንት ንጉሥም በታሪኩ ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን የሥራው ብርታት በጠንቋዩ ላይ ሳይሆን በሰዎቹ ላይ ነው።

ታማኙ ፈረሰኛ ዳርዩን ይባላል። ዕድሜው 27 ዓመት ነው፤ መርዝባን የተባለውን ማዕርግ ከያዙት 12 የጦር አለቆች በዕድሜ ታናሹ እርሱ ነው። እያንዳንዱ መርዝባን 10,000 ፈረሰኛ ያዝዛል። ዳርዩን ጥቁር የብረት ልብስ ይለብሳል፤ ፈረሱም ጥቁር ነው። ንጉሡ አንድራጎራስ በጦርነት ያልተሸነፈ፥ ምክር የማይሰማ ሰው ነው። የሉሲታኒያ ሠራዊት ድንበር ጥሶ በገባ ጊዜ በአትሮፓቴኔ ሜዳ ይገናኛሉ። በዚያ ቀን ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖታል። ዳርዩን ወደ ንጉሡ ቀርቦ፥ በማይታይ ምድር ላይ ፈረስ ማስጋለብ አይገባም፥ ሠራዊቱን ወደ ኋላ እንመልሰው ብሎ ይመክራል። ንጉሡ ይቈጣል፤ ፈራህ ይለዋል፤ ማዕርጉንም ይገፍፈዋል። ከዚያም የፈረሰኛው ጦር ወደ ጭጋጉ ውስጥ ይጋልብና ጠላት አስቀድሞ በቈፈረው ጕድጓድ ይወድቃል፤ ዘይት የፈሰሰበት ምድርም በእሳት ይያያዛል። ነገሩን ያበላሸው ከመርዝባኖቹ አንዱ የሆነው ካርላን ነው።

ይህ የመጀመሪያው ክፍል በእውነት የተዋጣ ነው። ምክንያቱም ታማኙ ሰው ከሰይፉ አስቀድሞ በቃሉ ስለሚፈተን ነው። ለጌታው የማይጥመውን እውነት ይናገራል፤ ይዋረዳል፤ ከተዋረደም በኋላ በዚያው ቀን ይዋጋል። አሞጋሽና ታማኝ የሚለዩበትን ቦታ ደራሲው ገና በበሩ ላይ አስቀምጦታል። አንድራጎራስ ሁለቱን መለየት የማይችል ንጉሥ ነው፤ መጥፊያውም ይኸው ሆነ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ውጊያው ሳይጀመር ከአጎቱ ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። አጎቱ ቫህሪዝ የጦሩ ሁሉ የበላይ፥ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። የወንድሙን ልጅ ለብቻው ጠርቶ መሐላ ይጠይቀዋል። መሐላው ለንጉሡ እንዲታመን አይደለም፤ ለመንግሥቱም አይደለም፤ የ14 ዓመት ልጅ ለሆነው ለአልጋ ወራሹ ለአርስላን ለራሱ እንዲታመን ነው። ዳርዩን ይደነግጣል፤ የንጉሥ ልጅ ከሆነ ለንጉሡ የታመነ ሁሉ ለእርሱም መታመኑ አይቀርም ብሎ ያስባልና። ሽማግሌው ምክንያቱን አይገልጥለትም። ጐልማሳው ግን ይምላል። በኋላ እንደሚገለጠው የአርስላን የትውልድ ነገር ምስጢር አለበት፤ ሽማግሌው ይህን ስለሚያውቅ ልጁ አንድ ቀን ዘውዱም ስሙም እንዳይቀርለት ፈርቶ፥ ከዘውድ ጋር ያልታሰረ አንድ ታማኝ ሊተውለት ፈለገ። በዚያው ቀን ቫህሪዝ ይሞታል። ዳርዩንም ልጁን ከእሳትና ከካርላን እጅ አውጥቶ ወደ ተራራ ይሸሻል።

በተራራው ላይ የሚኖረው ወዳጁ ናርሱስ ነው። ይህ ሰው የቤተ መንግሥትን ነገር ንቆ የተቀመጠ፥ በጦር ዘዴ ብልህ፥ በሥዕል ግን እጅግ መጥፎ የሆነ ሠዓሊ ነው፤ ራሱ ብቻ ይህን አያውቅም። አርስላን ሀብትም ሹመትም ሳያቀርብለት የቤተ መንግሥት ሠዓሊ አደርግሃለሁ ብሎ ያሸንፈዋል። ይህ ቀልድ በከንቱ የገባ አይደለም። ልጁ ሰውን በሚወደው ነገር መጥራት እንደሚያውቅ ያሳያል፤ የዳርዩንም ጥቁር ልብስና ከባድ ፊት በወዳጁ ላይ ሲያሾፍ ጥቂት ይላላል።

በዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የሉሲታኒያ ሰዎች በአንድ አምላክ ስም ይዘምታሉ፤ ቦዳን የተባለው የካህናታቸው አለቃም መጻሕፍትን ያቃጥላል። ይህን አይቶ ድርሰቱ ቤተ ክርስቲያንን ይሰድባል የሚል ሊኖር ይችላል። ደራሲው የምዕራባውያንን የመስቀል ጦርነት በዐይኑ ፊት አድርጎ እንደ ጻፈ አይካድም። ነገር ግን ለአምላካቸው የሰጠው ስም ያልዳባኦት የሚል ነው፤ ይህም የጥንት መናፍቃን፥ ግኖስቲክ የተባሉት፥ ዓለምን በስሕተት ፈጠረ ለሚሉት ፈጣሪ የሰጡት ስም ነው፤ ቅዱስ ሄሬኔዎስም በመጽሐፉ የተቃወማቸው እነዚህን ነበር። በዚህ ቦታ የሚወቀሰው የታወረ ቅንዓት ነው፤ መጽሐፍ በማቃጠል የተጎዳ ቤተ ክርስቲያንም ወቀሳውን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ጕድለቱ እንመለስ። ዳርዩን ለአርስላን ከማለ በኋላ ታማኝነቱ አንድ ቀን እንኳ አያስጨንቀውም። አርስላን ትሑት ነው፤ ይቅር ባይ ነው፤ ባሮችን ነጻ ሊያወጣ ይመኛል፤ ከአሽከሮቹ ጋር ተቀምጦ ይበላል። እንዲህ ላለው ጌታ ማን አይታመንም? በሲንድሁራ አገር ዘመቻ ስለ ዙፋን ክርክር በሁለት መሳፍንት መካከል የሰው ለሰው ግጥሚያ ይታዘዛል፤ ዳርዩንም ራጄንድራ ስለ ተባለው መስፍን ሆኖ ሕመም የማይሰማውን ግዙፍ ሰው እንዲገጥም ይደረጋል። በዚያ ጊዜ ትሑቱ አርስላን ፊቱ ተለውጦ ራጄንድራን፥ ዳርዩን ቢሞት የአንተን ራስ እወስዳለሁ ይለዋል። ይህ ጌታ ለአሽከሩ ያለውን ፍቅር የሚያሳይ ውብ ክፍል ነው፤ ከብዙ ውጊያ ይበልጣል። ነገር ግን ጥያቄውን ይበልጥ ያርቀዋል። ጌታው ይህን ያህል መልካም ከሆነ የታማኙ ታማኝነት ለእርሱ ሸክም ሳይሆን ዕረፍት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በወጣው 8 ክፍል ፈተናው የቀረበ ይመስላል። ንጉሡ አንድራጎራስ ከእስር አምልጦ ይመጣል፤ ልጁ የሰበሰበውን ጦር ይቀማል፤ አርስላንንም 50,000 ሰው ሳትሰበስብ አትመለስ ብሎ ብቻውን ወደ ባሕር ዳርቻ ያባርረዋል። ዳርዩንና ናርሱስ እንዲቀሩ ይታዘዛሉ። እነርሱ ግን ትእዛዙን ጥሰው ልጁን ተከትለው ይሄዳሉ። የአጎቱ መሐላ በዚህ ቦታ ፍሬ አፈራ፤ ደራሲውም ከመጀመሪያው ክፍል ያስቀመጠውን ዘር በጊዜው ማጨድ እንደሚያውቅ አሳየ። ነገር ግን እዚህም ላይ መልካሙ በአንድ ወገን፥ ክፉው በሌላው ወገን ቆመዋል። ዳርዩን የሚተወው ጨካኙን ነው፤ የሚከተለውም ቸሩን ነው። በዚያው ድንኳን ውስጥ የሚቀረው ኪሽዋርድ የተባለው መርዝባን ነው። እርሱም ልጁን ይወዳል፤ ንጉሡን ግን መተው አይችልም፤ ንጉሥ ነውና። ፊልሙ በኪሽዋርድ ፊት ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይቈያል። ረጅም ጊዜ ሊቈይበት በተገባ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው ግን ሳም ነው። ሳም ኤክባታናን እንዲጠብቁ ከተተዉት መርዝባኖች አንዱ ነው። ከተማዪቱ በተከበበች ጊዜ ሻፑር የተባለው ባልደረባው ተማርኮ በቅጥሩ ፊት ይሰቃያል፤ በጠላት እጅ ከምሞት ከእናንተ አንዱ በፍላጻ ይግደለኝ ብሎ ወደ ቅጥሩ ይጮኻል፤ ልመናውም ይፈጸምለታል። ከተማዪቱ በመጨረሻ የወደቀችው ነጻነት የተሰበከላቸው ባሮች በውስጥ ሆነው በሩን ስለ ከፈቱ ነው። ሳም ቈስሎ ይተርፋል። የጠላትን ጦር የመራው፥ ፊቱን በብር ጭንብል የሸፈነው ሰው ወደ እርሱ መጥቶ ራሱን ይገልጥለታል፤ እርሱ ሄርሜስ ነው፤ የቀድሞው ንጉሥ ልጅ፥ በእሳት ሊገደል ሲል ያመለጠ፥ በትውልድ ከአርስላን ይልቅ ለዙፋኑ የሚገባ። ሳም ያስባል፤ በመጨረሻም ይንበረከክለታል።

የታማኝ ፈረሰኛ እውነተኛ ድርሰት በዚህ ነበረ። ሄርሜስ የበደል ሰው ነው፤ የገዛ አገሩን ለጠላት ከፍቶ ሰጠ፤ ቫህሪዝንም የገደለው እርሱ ነው። ሳም ይህን ሁሉ ያውቃል። የሚያገለግለው ግን ሕጉ የእርሱ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ከአጠገቡ ሆኖም ቍጣውን ለማብረድና ልቡን ወደ አገሩ ለመመለስ ይደክማል። እንዲህ ያለ ሰው ሞኝ ነው ወይስ ቅዱስ? ደራሲው ጥያቄውን አንሥቶ ወደ ዳርዩን ሰይፍ ይመለሳል። ዳርዩን ሲጋልብ የሚያምር ነገር ስለሚሆን ሠዓሊዎቹም ከእርሱ መለየት አልወደዱም።

በካሻን ምሽግ የሚሆነው ነገር ደራሲው ይህን ጥያቄ እንደሚያውቅ ያስመሰክራል። የምሽጉ ጌታ ሆዲር አርስላንን ሊያጠምድ ይሞክርና ይገደላል። አርስላን ደስ ብሎት ባሮቹን ሁሉ ነጻ ያወጣል። ባሮቹ ግን ያመሰግኑታል ሲባል በትርና ድንጋይ ይዘው ይነሡበታል፤ ሆዲር መልካም ጌታችን ነበረ፥ ገደላችሁት እያሉ። ናርሱስም ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ በራሱ ርስት ደርሶበታልና። በዚህ ክፍል ታማኝነት ለተገፋው ሰው እንኳ ሰንሰለት እንደሚሆንበት ታየ። ስለ ባሮቹ ይህን ያህል ደፍሮ የጻፈ ደራሲ ስለ ፈረሰኛው ለምን ፈራ?

የፋርስን ስም የያዘ ታሪክ ለስንክሳር አንባቢ ሌላ የፋርስ ባለሟል ማስታወሱ አይቀርም። በኅዳር 27 የሚታሰበው ቅዱስ ያዕቆብ ግሙድ በፋርስ ንጉሥ ቤት የተወደደ ሰው ነበረ። ንጉሡን ለማስደሰት ሲል አስቀድሞ ሃይማኖቱን ተወ። እናቱና ሚስቱ ይህን ሰምተው ደብዳቤ ጻፉለት፤ ደብዳቤውም ልቡን ሰበረው። ወደ ንጉሡ ፊት ተመልሶ እምነቱን ገለጠ፤ አካሉም በየመገናኛው ተቈረጠ። ይህን የሰማ ሰው ለምድራዊ ጌታ መታመን ዳርቻ እንዳለው ያውቃል። ያዕቆብ ከንጉሡ የተለየው ንጉሡን ጠልቶ አይደለም። ዳርዩን እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ቀን አልደረሰውም።

የመካነ ሰላም ወጣት ይህን ፊልም ካየ በኋላ ጥያቄውን ለመመዘን ወደ ጃፓንም ወደ ፋርስም መሄድ አያስፈልገውም። ከቦረና በሳይንት በኩል ወደ ሰሜን ሲኬድ በሽሎ ወንዝ ባለበት በወረሂመኖ ምድር መቅደላ ትገኛለች፤ ዛሬ አምባ ማርያም የምትባለው ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ከወሎ መኳንንት እጅ የያዙዋት፥ ግምጃ ቤታቸውንና እስረኞቻቸውን ያኖሩባት፥ በመጨረሻም የሞቱባት አምባ ናት።

የእኛ አገር ቤተ መንግሥት ታማኝነትን በማዕርግ አጽንቶ ያኖረ ነበረ። ሊቀ መኳስ የሚባለው ባለሟል በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ ይሰለፋል፤ ጠላት ንጉሡን የወጋ መስሎት እርሱን ይወጋ ዘንድ ነው። ከዚህ የበለጠ የታማኝ ፈረሰኛ ምሳሌ ማንም ልብ ወለድ ጸሐፊ አልፈጠረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል ነበረ፤ በ1853 ዓ.ም. ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ጌታውን ሲከላከል ሞተ። እንግዳው ሰው በሰው አገር ስለ ሰው አገር ንጉሥ መሞቱ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው።

ቤል የሞተው ግን የጌታው ስም ገና ብሩህ በነበረ ጊዜ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ የሞተበት ጊዜ ሌላ ነው። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በንጉሡ ትእዛዝ ተዘርፈው ተቃጥለዋል። አገሩ ከንጉሡ ተለይቷል፤ የቀራቸው በመቅደላ ዙሪያ ያለው ምድርና ከደብረ ታቦር ጀምሮ መድፍ እየጎተተ የመጣው ሠራዊት ብቻ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄነራል ናፒየር ጦር በሽሎ ደረሰ። ሚያዝያ 2 ቀን በሰላምጌ ወደ 200 የሚጠጉ እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ያ ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። በማግሥቱ፥ ሚያዝያ 3፥ ዕለተ ስቅለት፥ የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ሲወጣ ታየ፤ ከቀትር በኋላም ገብርዬ ሠራዊቱን ይዞ ከፋላ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ።

ዝናም ይዘንብ ነበር። ወራጆቹ ጦርና ጋሻ፥ በአፉ የሚጐርስ ጠመንጃም ይዘዋል። የሚጠብቃቸው ግን በኋላው የሚጐርስ፥ ስናይደር የተባለ፥ ፈጥኖ የሚተኩስ ጠመንጃና የባሕር ወታደሮች የሚወረውሩት ሮኬት ነበረ። ንጉሡ በፋላ ላይ ሆነው መድፍ ያስተኩሱ ነበር፤ አልጠቀመም። ሲመሽ ከወረዱት 700 ያህሉ ሞተዋል፤ ከነዚያ የሚበዙት ቈስለዋል። ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ናቸው። ገብርዬ ከሞቱት መካከል ነበረ።

ይህን ከአትሮፓቴኔ ጋር አጠጋግቶ ማየት ይገባል። በዚያም በማይታይ ሞት ውስጥ የሚጋልብ ጦር አለ፤ በዚህም አለ። ዳርዩን ግን የሚጋልበው ደራሲው እንደማይገድለው እያወቀ ያህል ነው። ገብርዬ የወረደው አገር ከከዳቸው፥ ቤተ ክርስቲያን ካቃጠሉ፥ በትናንትናው ቀን እስረኛ ወደ ገደል ካስጣሉ ንጉሥ ጐን ተነሥቶ ነው። መውረዱን የሕዝብ አፍ እስከ ዛሬ ያወድሰዋል፤ ስሙም ከጌታው ስም ጋር ይነሣል። ውዳሴው ሐሙስን ዘልሎ ወደ ዓርብ መሄዱ ግን ግማሹን ታሪክ ያስቀረዋል። የዓርቡን ወራጅ በሐሙሱ ሰፈር ውስጥ ያላየ ሰው የገብርዬን ታማኝነት ክብደት አላየውም።

በዚህ ምድር ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ፊት አለው። በፊልሙ ውስጥ ከፈረሰኛው ሰይፍ በታች ያለው ሕዝብ ስም የለውም። በወሎ ግን ስም አለው። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጠ ጊዜ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ምድር ገባ። የወርቂት ልጅ በዚያን ጊዜ በንጉሡ እጅ በመቅደላ ታስሮ ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጅዋን ታድን ነበር፤ እርስዋ ግን እንግዳዋን አሳልፋ አልሰጠችም፤ ልጅዋም ተገደለ። ይህችም ታማኝ ናት፤ መሐላ ሳይኖርባት፥ ጌታም ሳይኖራት። የመቅደላን ታሪክ በትያትርም በልብ ወለድም ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ገብርዬን በአንድ ዐይኑ፥ ወርቂትን በሌላው ዐይኑ ሊያይ ይገባዋል።

ጸሐፊዎቻችን ይህን አላደረጉም ለማለት ያስደፍራል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴዎድሮስን በትያትር አቅርበዋል፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ዕንባን፥ አቤ ጉበኛም አንድ ለናቱን ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ይህንኑ ንጉሥ ወደ ትያትር መድረክ አውጥቷል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለእነዚህ ሰዎች ያለበት ዕዳ ትልቅ ነው። ነገር ግን በሁሉም መካከል ላይ የቆሙት ንጉሡ ናቸው፤ ብርሃኑም የሚያርፈው በእርሳቸው ላይ ነው፤ ታማኞቹ ከብርሃኑ ዳር ሆነው ይታያሉ። ጃፓናዊው ደራሲ የፈጸመው ስሕተት ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱ ታማኙን ወደ መካከል አምጥቶ ፈተናውን አስወገደለት፤ የእኛዎቹ ፈተናውን አቈይተው ታማኙን ወደ ዳር ገፉት።

የመቅደላ መጨረሻ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ከቶ የሌለ ነገር አለበት። ከሞታቸው በፊት ንጉሡ ለቀሩት ወታደሮች መሐላቸውን ፈቱላቸው፤ የሚሄድ ይሂድ፥ ሌላ ጌታም ይፈልግ ተባለ። ቫህሪዝ ታማኝን ያሰረ ሽማግሌ ነው፤ ቴዎድሮስ በመጨረሻው ቀን ታማኝን የፈቱ ንጉሥ ናቸው። ከተፈቱ በኋላ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ራስ እንግዳ ሚያዝያ 6 ቀን በቆቂት በር ሲዋጋ ወደቀ። ወልደ ጋብር የተባለው አሽከራቸው ሽጉጡ እስኪጮኽ ድረስ ከአጠገባቸው አልራቀም። በጊልቦዓ ተራራ የሳኦል ጋሻ ጃግሬ ጌታውን ለመግደል እምቢ ብሎ በራሱ ሰይፍ ላይ እንደ ወደቀ መጽሐፍ ይነግረናል፤ ወልደ ጋብር ግን ዐይቶ ተረፈ፤ ያየውንም ለመናገር ቀረ። ከተፈታ መሐላ በኋላ መቅረት ከዳርዩን ግልቢያ ሁሉ ይልቅ ለደራሲ የሚመች ነገር ነው።

እንዲህም ሆኖ አርስላን ሰንኪን ከወጣቶች እጅ መንጠቅ አይገባም። ቀለሙ ያማረ ነው፤ የጦሩ አሰላለፍ በአእምሮ የታሰበ ነው፤ የመሐላው ክፍል በትያትር ቤት ሊታይ የሚገባው ነው። የሚያየው ወጣት ከዳርዩን ይልቅ ሳምን እንዲከታተል ሊነገረው ይገባል፤ በጥቂት ቃል ብዙ የሚናገር እርሱ ነውና። ችግሩ ፊልሙ በ2008 ዓ.ም. ክረምት 8ኛውን ክፍል አሳይቶ ታሪኩን ሳይፈጽም መቆሙ ነው። ኤክባታና ገና በጠላት እጅ ናት፤ አርስላን በባሕር ዳርቻ ሰው ይሰበስባል፤ ዳርዩን ከጐኑ ነው፤ ሳምም ከብር ጭንብሉ ኋላ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ ቆመ ነው።